ሉዊ ብሬል፤ የዓይነ ስውራን መምህር

ከደብረ ማርቆስ፣ ከብቸና፣ ከሞጣ ወይም ከደጀን ተነሥቶ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ ለመያዝ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ መምህር ብሬል የሚለውን ቃል ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ደጋግሞ ይሰማዋል። የብሬል ወረቀት፣ የብሬል መጽሐፍ፣ የብሬል ጽሕፈት ይባላል። ቃሉ እንደ ጠመኔና እንደ እርሳስ የዕቃ ስም ከመምሰሉ የተነሣ የሰው ስም መሆኑ ይዘነጋል። ባለ ስሙ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በፈረንሳይ አገር ተወልዶ፣ ገና በሕፃንነቱ ዓይኑን አጥቶ፣ ከዐሥር ዓመቱ ጀምሮ ዕድሜውን በአንድ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በመጀመሪያ በተማሪነት ኋላም በመምህርነት ያሳለፈ ሰው ነው። ዓለም የሚያውቀው በፊደል ቀራጭነቱ ሲሆን ለሙያ ባልደረቦቹ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የመምህርነት ታሪኩ ነው።

ለጎጃም ሰው ዓይነ ስውር ተማሪ እንግዳ አይደለም። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ፣ በደብረ ወርቅና በደብረ ኤልያስ ጉባኤ ቤቶች የቅኔ ትምህርት በቃል ስለሚሰጥ፣ ዓይነ ስውሩ ከዓይናማው ጓደኛው ጋር እኩል ተቀምጦ ግስ ይሰማል፤ አገባብ ያጠናል፤ ሜዳ ወጥቶ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ የቆጠረውንም ለመምህሩ ነግሮ ይታረማል። በዚህ መንገድ ተምረው ያስመሰከሩ፣ ወንበር ዘርግተውም ያስተማሩ ዓይነ ስውራን ሊቃውንት ነበሩ። የቅኔ ቤቱ ምሥጢር ዕውቀት በጆሮ የሚገባበትን በር ለሁሉም እኩል መክፈቱ ነው። ይሁን እንጂ ሌላው በር ዝግ ሆኖ ይኖር ነበር። ዓይነ ስውሩ ሊቅ የተቀኘውን በገዛ እጁ ጽፎ የሚያስቀምጥበት፣ ብቻውንም ተቀምጦ የሌላውን ጽሑፍ የሚመረምርበት መንገድ አልነበረውም። ቅኔው በደቀ መዝሙሩ ልብ ወይም በሌላ ሰው ብዕር ካልተያዘ ከባለቤቱ ጋር ይቀበር ነበር። ሉዊ ብሬል የከፈተው ይህንን ሁለተኛውን በር ነው።

ሉዊ የተወለደው ጃንዋሪ 4 ቀን 1809 ከፓሪስ በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኝ ኩቭሬ በምትባል የገጠር መንደር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ ሲሞን ረኔ ብሬል የኮርቻና የልጓም ዕቃ የሚሠራ ባለሙያ ነበር። ከአራት ልጆች የመጨረሻው ሉዊ ነው። ሦስት ዓመት በሆነው ጊዜ ከአባቱ የሥራ ቤት ገብቶ እንዳየው ለማድረግ በቆዳ ላይ ሲታገል የያዘው መሣሪያ አምልጦ አንድ ዓይኑን ወጋው። መሣሪያው ወስፌ ነው የሚሉ አሉ፤ ቢላዋ ነው የሚሉም አሉ። ስፌት የምትሰፋ እናት ባለችበት የጎጃም ቤት ወስፌ ከሕፃን እጅ ርቆ የሚቀመጥበትን ምክንያት ለሚያውቅ አንባቢ አደጋው ረጅም ማብራሪያ አያሻውም። ቁስሉ አመረቀዘ፤ ሕመሙም ወደ ጤነኛው ዓይን ተላለፈ። አምስት ዓመት ሲሞላው ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፍተው ነበር።

በዚያ ዘመን በአውሮፓም ቢሆን የዓይነ ስውር ድኻ ልጅ ዕጣ በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መለመን ነበር። የሉዊ ወላጆች ይህን አልተቀበሉም። አባቱ በትር ቀርጾ መንገዱን እየነካ እንዲሄድ አለማመደው፤ በእንጨት ላይ ምስማር በፊደል ቅርጽ እየመታም ፊደል እንዳስዳሰሰው ይነገራል። የመንደሩ ቄስ ዣክ ፓሉይ ልጁን በቃል ያስተምረው ጀመር። ቀጥሎም ቄሱ የመንደሩን መምህር አንቷን ቤሽሬን አነጋግሮ ሉዊ ከዓይናማ ልጆች ጋር አንድ ክፍል እንዲገባ አደረገ። ዛሬ አካቶ ትምህርት እየተባለ በኮርስ የሚሰጠውን ነገር ስሙንም ሥልጠናውንም የማያውቅ አንድ የገጠር መምህር በ1810ዎቹ ሠርቶት ነበር ማለት ነው። ልጁ የሰማውን ሁሉ ይይዛል፤ በቃል ለተጠየቀውም ፈጥኖ ይመልሳል። ጓደኞቹ መጽሐፍ ገልጠው ማንበብ ሲጀምሩ ግን በእጁ የሚይዘው ነገር አልነበረም። የመምህሩ ቅንነት የማይሻገረው ወሰን እዚህ ላይ ነበር።

ቄሱ በአካባቢው የነበረውን መኳንንት አማልዶ ሉዊ በፓሪስ ከተማ በነበረው የዓይነ ስውራን ወጣቶች ንጉሣዊ ተቋም በነፃ እንዲማር ተፈቀደለት። በፌብሩዋሪ ወር 1819 በዐሥር ዓመቱ ገባ። ይህ ትምህርት ቤት በዓለም የመጀመሪያው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሲሆን የመሠረተው ቫለንቲን አዊ ነው። አዊ በ1771 በአንድ የፓሪስ ገበያ ዓይነ ስውራን የወረቀት መነጽር ተደርጎላቸው፣ የተገለበጠ መጽሐፍ ፊታቸው ተዘርግቶ፣ ሕዝብ ሲስቅባቸው አይቶ ከተቆጣ በኋላ ነገሩን ሲያወጣ ሲያወርድ ኖሮ፣ በ1784 ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚለምን ፍራንሷ ልዝዌር የተባለ ወጣት አንሥቶ ማስተማር ጀመረ። ልጁ ሲማር የልመና ገቢው ስለሚቀርበት ያንኑ ያህል ገንዘብ አዊ ከኪሱ ይከፍለው ነበር። የልዩ ትምህርት ታሪክ ሲነገር ይህ የተማሪ ደመወዝ መረሳት የሌለበት ነገር ነው፤ ልጁን ለልመና ወይም ለእረኝነት ከሚፈልገው ቤተሰብ ጋር ሳይስማሙ ልጁን ማስተማር እንደማይቻል አዊ ቀድሞ ተረድቶት ነበርና።

ሉዊ የገባበት ሕንፃ በሴን ወንዝ አጠገብ የሚገኝ፣ እርጥበት የሞላው አሮጌ ቤት ነበር። ቆይቶ ለሞት ያበቃው የሳንባ ነቀርሳ የያዘው በዚያ ቤት ሳይሆን አይቀርም። ትምህርቱ ግን ልቡን አስደሰተው። ታሪክ፣ ሒሳብ፣ ሰዋስው፣ ጂኦግራፊና ሙዚቃ ይማር ነበር፤ ሽልማትም በየዓመቱ ያገኛል። ጉድለቱ በመጽሐፉ ላይ ነበር። አዊ የፈጠረው የንባብ ዘዴ ተራውን የፈረንሳይ ፊደል እርጥብ ወረቀት ላይ ተጭኖ ጎልቶ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ፊደሉ በጣት እንዲለይ ትልቅ መሆን ስላለበት ገጹ ሰፊ፣ መጽሐፉም እጅግ ከባድ ሆነ። ተማሪው እያንዳንዱን ፊደል ዙሪያውን በጣቱ ተከትሎ እስኪጨርስ የዓረፍተ ነገሩ መነሻ ይጠፋበታል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ ተማሪው በዚህ ዘዴ ማንበብ እንጂ መጻፍ አለመቻሉ ነው። ፊደሉ በዓይናማ ሰው የተመረጠ፣ ለዓይን ያማረ ፊደል ነበር። በጣት ስለማንበብ የወሰኑት በጣታቸው አንብበው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ።

በ1821 ሻርል ባርቢዬ የተባለ የመድፈኛ ጦር መኮንን የነበረ ሰው ለትምህርት ቤቱ አንድ አዲስ ዘዴ አቀረበ። ባርቢዬ በወፍራም ወረቀት ላይ በመርፌ መሳይ መሣሪያ እየተወጋ የሚጎላ የነጥብ ጽሕፈት አዘጋጅቶ ነበር። አንዱ ምልክት በሁለት ዐምድ የተደረደሩ እስከ 12 የሚደርሱ ነጥቦች ነበሩት፤ የሚወክለውም ፊደልን ሳይሆን ድምፅን ነው። በወቅቱ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ የነበረው ፒኚዬ ዘዴውን ለተማሪዎች እንዲቀርብ ፈቀደ። ተማሪዎቹ ነጥብ በጣት ሲነካ ከመስመር ይልቅ ፈጥኖ እንደሚለይ ወዲያው ተገነዘቡ። ነገር ግን 12 ነጥብ ከጣት ጫፍ በላይ ስለሆነ ጣቱ ወደ ላይና ወደ ታች መጓዝ ነበረበት። ሥርዓተ ነጥብ የለም፤ አኀዝ የለም፤ የሙዚቃ ምልክት የለም፤ ቃሉ በትክክለኛ ፊደሉ አይጻፍም። የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ሉዊ እነዚህን ጉድለቶች ለባርቢዬ ቢያመለክትም ሰውየው የዘዴውን መሠረት ለመለወጥ ፈቃደኛ አልሆነም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ዓመታት የሉዊ ብሬል የከፍተኛ ትምህርት ዘመን ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መምህር አልነበረውም፤ የሚያነበው ጥናትም አልነበረም። ቀን ከጓደኞቹ ጋር ተምሮ ሌሊት ወረቀት ይወጋል፤ ለዕረፍት ኩቭሬ ሲሄድም ሥራውን አይተውም። የወጋውን ለክፍል ጓደኞቹ ሰጥቶ ያስነብባል፤ የተሳሳቱበትን ምልክት ይለውጣል። በ1824 ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ዋናው ነገር አልቆ ነበር። በአባቱ ቤት ዓይኑን ባጠፋው በዚያው ወስፌ ፊደሉን ቀረጸ የሚለው በልጆች መጻሕፍት የሚገኝ ተረት ለጆሮ ቢጥምም ማስረጃ የለውም። እውነተኛው ታሪክ ከዚህ ይበልጣል፤ አንድ ልጅ ያነባቢውን ጣት ለካ።

ሥራው እንዲህ ነው። የምልክቱን ነጥቦች ከ12 ወደ 6 አወረዳቸው፤ በሁለት ዐምድ ሦስት ሦስት ነጥብ ሆነ። ስድስቱ ነጥብ በጣት ጫፍ ሥር ባንድ ጊዜ ይያዛል፤ ጣቱ ወደ ቀኝ ብቻ ይጓዛል። ስድስቱን ነጥቦች በማዛመድ 63 የተለያዩ ምልክቶች ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ፊደላት ላይኞቹን አራት ነጥቦች ብቻ ይጠቀማሉ፤ ቀጣዮቹ ዐሥር ደግሞ እነዚያኑ ምልክቶች አንድ የታች ነጥብ ጨምረው ይደግማሉ፤ የቀሩትም በዚሁ ሥርዓት ይቀጥላሉ። ዐሥሩን ያወቀ ተማሪ ሃያውን ለማወቅ አይቸገርም። አኀዝም ከነዚያው ከዐሥሩ ፊደላት ወጣ።

ይህ ሥርዓት ወደ አገራችን ሲመጣ ያጋጠመውን ችግር እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። የአማርኛ ፊደል 33ቱ በሰባት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ምልክቱ ግን 63 ብቻ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ብሬል ተነባቢው ለብቻው፣ አናባቢውም ለብቻው ምልክት ተሰጥቶት እየተከታተሉ እንዲጻፉ ተደረገ። ዓይናማው ልጅ ሀ ሁ ሂ ብሎ በአንድ ቅርጽ የሚያየውን ዓይነ ስውሩ ልጅ በሁለት ምልክት ለይቶ ይዳስሳል። የብሬል ተማሪ ንባቡ ለምን እንደሚረዝም፣ ወረቀቱም ለምን እንደሚበዛ ያልተረዳ መምህር ተማሪውን በዘገምተኛነት ሊወቅሰው ይችላል። ጥፋቱ ግን የተማሪው አይደለም፤ በፈተና ሰዓት ላይ ጊዜ የሚጨመርበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በ1829 ሉዊ ዘዴውን የሚያስረዳውን መጽሐፍ አሳተመ። በርእሱ ላይ ቃላትን፣ ሙዚቃንና የቤተ ክርስቲያን ዜማን በነጥብ ስለመጻፍ መሆኑን ገልጿል። ድጓና ዝማሬ በሚዜምበት አገር ለሚኖር አንባቢ ይህ አነስተኛ ነገር አይደለም፤ ደራሲው ራሱ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቀኛ ነበርና። በፓሪስ ሳን ኒኮላ ዴ ሻን በተባለው ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይመታ ነበር። በመጀመሪያው እትም ውስጥ ከነጥቡ ጋር የተቀላቀሉ አጫጭር ሰረዞች ነበሩ። ተማሪዎች ሲሠሩበት ሰረዙ ለመጻፍ አስቸጋሪ ሆኖ በመገኘቱ በ1837 በወጣው ሁለተኛ እትም አስወጣው። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ አጭር ታሪክ በሦስት ጥራዝ በነጥብ ታተመ። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የሚያዘጋጅ መምህር ከዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። በ1829 የታተመ ሥራውን ባለቤቱ ራሱ ከክፍል ባገኘው ልምድ ስምንት ዓመት ቆይቶ አረመው።

ሉዊ በ1828 ረዳት አስተማሪ፣ በ1833 ደግሞ ሙሉ መምህር ሆነ። ሰዋስው፣ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብና ሙዚቃ ያስተምር ነበር።  አብሮት የኖረው ጓደኛውና የሥራ ባልደረባው ኢፖሊት ኮልታ ስለ እሱ በጻፈው ማስታወሻ ቁጣ የማያውቅ፣ ሲያስረዳ ቃል የማያበዛ፣ ሲታረም የተማሪውን ክብር የሚጠብቅ ሰው እንደነበር መስክሯል። በ1838 ለጀማሪዎች የሚሆን አነስተኛ የሒሳብ መጽሐፍም አዘጋጀ። ዓይን የሌለው ልጅ ሒሳብ ይቅርበት የሚል ሐሳብ ከልቡ አልገባም።

ይህ ነጥብ በጎጃም ደጋ ላሉ ትምህርት ቤቶች ቅርብ ጉዳይ ነው። በአንደኛ ደረጃ ልዩ ክፍል ወይም በአዳሪ ትምህርት ቤት ብሬል የተማረ ልጅ 7ኛ ክፍል ሲገባ የሚጠብቁት በየትምህርቱ የሚለዋወጡ መምህራን ናቸው፤ ከእነሱም ነጥቡን ማንበብ የሚችል ብዙ ጊዜ አይገኝም። የቋንቋው መምህር በቃል ያስተናግደዋል። የሒሳቡ መምህር ግን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ቀመር እየጻፈ ይህ፣ ያ እያለ ሲጠቁም ልጁ ምኑን እንደሚጠቁም አያውቅም። ቀስ በቀስ ሒሳቡ ይታለፋል፤ ሒሳብ ሲታለፍ ከሒሳብ ጋር የተያያዘው የዕድሜ ልክ ሙያ ሁሉ አብሮ ይታለፋል። ከደብረ ማርቆስ ሄዶ ሁለተኛ ዲግሪ የሚይዝ መምህር ሲመለስ የሚለካው በዚህ ክፍል ውስጥ ነው። ልጁ ቀመሩን በጣቱ ካገኘው መምህሩ ተምሯል፤ ካላገኘው የመመረቂያ ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

ሉዊ 26 ዓመት ሲሆነው የሳንባ ነቀርሳ ምልክት ታየበት። ደም እየተፋ፣ ድምፁም እየደከመ ስለሄደ የማስተማር ጊዜው ተቀነሰ። ሆኖም በ1839 ሌላ ዘዴ አወጣ፤ ይኸውም ዓይነ ስውሩ ተራውን የፈረንሳይ ፊደል በነጥብ እየሠራ ለዓይናማ ወዳጁና ለቤተሰቡ ደብዳቤ የሚጽፍበት ነው። የዚያው ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪ የነበረው ዓይነ ስውሩ ፒየር ፉኮ ይህን ጽሕፈት የሚያፋጥን መሣሪያ በ1841 ሠራለት። ስድስቱ ነጥብ ዓይነ ስውሩን ከዓይነ ስውሩ ያገናኛል፤ ይህኛው ደግሞ ከእናቱ ጋር ያገናኘዋል።

በዚህ መካከል በትምህርት ቤቱ የሹመት ለውጥ ሆነ። በ1840 ፒኚዬ ተነሥቶ ምክትሉ ፒየር አርማን ዱፎ ኃላፊ ሆነ። ዱፎን የዓይነ ስውራን ጠላት አድርጎ ማየት ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ስለ ትምህርታቸው መጽሐፍ የጻፈና የተሸለመ ሰው ነበር። እምነቱ ግን ዓይነ ስውር ከዓይናማ የተለየ ፊደል ከያዘ ከኅብረተሰቡ ይገለላል የሚል ነበር። ስለዚህ ጎልቶ የታተመውን ተራ ፊደል በአዲስ ቅርጽ መልሶ አመጣ፤ የቀድሞዎቹን መጻሕፍት አቃጠለ፤ ነጥቡንም ከለከለ። ሐሳቡ ሲሰሙት የሚያሳምን ነው፤ የጎደለው ነገር ተማሪዎቹን አለመጠየቁ ብቻ ነው። ተማሪዎቹ በበኩላቸው የጽሕፈት ሰሌዳቸው ቢወሰድባቸው በሹራብ መሥሪያ መርፌና በምስማር እየጻፉ፣ ታላቁ ለታናሹ በድብቅ እያስተማረ ነጥቡን አቆዩት። የዱፎ ምክትል ዦዜፍ ጋዴ ይህንን አይቶ ማገድ እንደማይቻል ተረዳ፤ አለቃውንም አግባባው።

ትምህርት ቤቱ ወደ አዲስ ሕንፃ ተዛውሮ በፌብሩዋሪ 22 ቀን 1844 በይፋ ሲመረቅ ጋዴ በእንግዶች ፊት የሉዊ ብሬልን ሥራ በስሙ ጠርቶ አስታወቀ። አንድ ልጅ የተነገረውን በነጥብ ጻፈ፤ ሌላው ሲነገር ያልሰማ ልጅ መጥቶ በጣቱ እየዳሰሰ አነበበው። ሉዊ ከመምህራኑ ጋር ተቀምጦ ነበር። ዕድሜው 35 ሲሆን ሕመሙ ከብዶበት ነበር።

ከዚያ በኋላ አንዳንድ ጊዜ እያስተማረ፣ አንዳንድ ጊዜ በኩቭሬ እያረፈ ጥቂት ዓመታት ኖረ። በ1851 መጨረሻ ብዙ ደም ፈሰሰው፤ በጃንዋሪ 6 ቀን 1852፣ 43 ዓመት በሞላው በሁለተኛው ቀን ዐረፈ። የፓሪስ ጋዜጦች ሞቱን አልዘገቡትም። ሳይከፈት እንዲቃጠል ያዘዘው አንድ ሣጥን ነበር። ወዳጆቹ ከፍተው ቢያዩት ተማሪዎቹና ሌሎች ሰዎች ከእሱ ገንዘብ የተበደሩባቸው ወረቀቶች ሆነው ተገኙ። ባለ ዕዳዎቹ እንዳይጠየቁ ሲል ነበር እንዲቃጠል ያዘዘው።

ከሞተ ሁለት ዓመት በኋላ በ1854 ፈረንሳይ ነጥቡን በይፋ ተቀበለች። በ1878 በፓሪስ የተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ለዓይነ ስውራን ትምህርት መረጠው። በአገራችን በሰበታ በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የተማሩ ብዙዎች በነጥቡ አንብበው መምህራንና የሕግ ባለሙያዎች ሆነዋል። ኢትዮጵያ በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ብሬልን በስሙ ጠርቶ መንግሥታት እንዲማር እንዲያመቻቹና ነጥቡን የሚያውቁ መምህራንን እንዲቀጥሩ ያዝዛል።

በ1952 ከሞተ መቶ ዓመት ሲሞላው የሉዊ ብሬል አፅም ከኩቭሬ ወጥቶ የፈረንሳይ ታላላቅ ሰዎች በሚቀበሩበት በፓሪስ ፓንቴዎን በክብር ዐረፈ። የመንደሩ ሰዎች ሁሉንም አልሰጡም። እጆቹ በእነሱ ዘንድ እንዲቀሩ ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም። እስከ ዛሬ በኩቭሬ መቃብር ላይ በአንድ ሣጥን ውስጥ ተቀምጠው ይገኛሉ።